ከሀርት አታክ በኋላ ትሮፖኒንና ሌሎች የልብ የደም ምርመራዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ፣ ከገላን ወይም ከኮዬ ፈጬ የሚነሳ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው ሰፈሩ ያለ ክሊኒክ ነው። እዚያ አንድ የትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን) ውጤት ይያዛል፤ በሪፈር መሀል ከተማ ሲገባ ሌላ ይሠራለታል፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ። ቤተሰቡ እጅ ላይ የሚቀሩት ወረቀቶች እርስ በርስ የተጣሉ ይመስላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁሉም ትክክል ናቸው፤ ልዩነቱ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ቢረሳ እንኳ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ፣ ወረቀቶቹንም አንድም ሳትጥሉ ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ደረቱን እያመመው ያለ ሰው አጠገባችን አለ። መጀመሪያ ደም እናስመርምር?

አይ፣ የሚቀድመው ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ወረቀት ላይ የሚያሰፍረው ምርመራ ነው። ሕመምተኛው ጤና ተቋም በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለበት። ኢሲጂው የልብ የደም ሥር ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን ካመለከተ ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል እንጂ ትሮፖኒን አይጠበቅም። በአቅራቢያችሁ ያለው ክሊኒክ ኢሲጂ ከሌለው እዚያ ለደም ምርመራ ወረፋ መያዝ ጊዜ ማባከን ነው፤ ደውላችሁ ጠይቁና ወዳለበት እለፉ።

አምቡላንስ ለመጥራት የቀይ መስቀል 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ደግሞ 939 ነው። እስኪደርስ አስፕሪን 300 ሚሊግራም ያኝክ፤ ቤት ያለው ባለ 81 ሚሊግራሙ ከሆነ 4 ፍሬ። ለአስፕሪን አለርጂ ያለበት ወይም ጨጓራው የሚደማ ሰው አይወስድም። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ከሆነ በእግሩ ደረጃ አይውረድ፤ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ለሁለት ለሦስት ተሸክማችሁ አውርዱት።

የሚያስቸኩለው ነገር ይህ ነው፦ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት፣ ለምሳሌ ስትሬፕቶካይኔዝ 1.5 ሚሊዮን ዩኒት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በደም ሥር የሚሰጠው፣ ጥቅሙ የሚጎላው በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሰዓታት ነው። ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም።

ትሮፖኒን ምንድን ነው? ለምንስ ለቀናት ደም ውስጥ ይቆያል?

የልብ ጡንቻ እንዲኮማተር የሚያደርጉ ፕሮቲኖች አካል ነው። ሁለት ዓይነቱ ይለካል፦ ትሮፖኒን አይ እና ትሮፖኒን ቲ። የልብ ጡንቻ ሴል ደም አጥቶ ሲሞት ይዘቱ ወደ ደም ይፈስሳል።

አንድ ጊዜ ደም ውስጥ የገባ ትሮፖኒን በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ታዲያ እንዴት ሳምንት ይቆያል? አብዛኛው ትሮፖኒን ከጡንቻው ክሮች ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር ነው። ቤት ሲፈርስ መጀመሪያ የሚወጣው ወለሉ ላይ የነበረው ዕቃ ነው፤ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ግድግዳው እየተናደ ሲሄድ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚታየው ሳይጣበቅ የነበረው ጥቂቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለቀናት የሚፈስሰው ከክሮቹ መበስበስ የሚመጣው ነው።

ሕመሙ ከጀመረ በ1 ሰዓት ክሊኒክ ደረስን፤ ትሮፖኒን ኔጌቲቭ ተባልን። ልብ አይደለም ማለት ነው?

አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚፈጠሩ ስሕተቶች ሁሉ አደገኛው ይኸው ነው። በመደበኛው መለኪያ ትሮፖኒን ከፍ ብሎ የሚታየው ሕመሙ ከጀመረ ከ3 እስከ 6 ሰዓት በኋላ ነው። በ1 ሰዓት የተቀዳ ደም ኔጌቲቭ ቢሆን የሚነግረን ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሕመምተኛው ጨጓራ ነው ተብሎ የጨጓራ መድኃኒት (ኦሜፕራዞል) ተይዞለት ወደ ቤት የሚመለሰው፣ ከዚያም ሌሊቱን የሚወድቀው በዚህ መንገድ ነው። በተለይ የልብ የታችኛው ክፍል ሲጎዳ ሕመሙ ከእምብርት በላይ ይሰማል፣ ማቅለሽለሽም አለው፤ ከጨጓራ ጋር ለመምታታት የተመቸ ነው።

በመደበኛው መለኪያ ምርመራው ከ3 ሰዓት በኋላ ከዚያም ከ6 ሰዓት በኋላ ይደገማል። ከፍተኛ ጥራት ያለው የትሮፖኒን መለኪያ ባለበት ሆስፒታል ይህ ጊዜ ያጥራል፦ በመግቢያና ከ1፣ ከ2 ወይም ከ3 ሰዓት በኋላ ይቀዳል። በሮሽ ኩባንያ ትሮፖኒን ቲ ለምሳሌ የጤነኛ ሰው የላይኛው ወሰን 14 ናኖግራም በሊትር ነው፤ መግቢያው ላይ 52 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም በ1 ሰዓት ውስጥ 5 እና ከዚያ በላይ ከጨመረ ሀርት አታክ በጣም ይጠረጠራል። መነሻው ዝቅተኛ ሆኖ ሕመሙ ከጀመረ 3 ሰዓት ያልሞላው ሰው ግን በአንድ ቁጥር አይሸኝም።

ኢሲጂም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ካልለቀቀ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ እየቆየ ይደገማል።

ወረቀታችን ላይ ሲኬ-ኤምቢ፣ ኤልዲኤች፣ ኤስጂኦቲ የሚሉም አሉ። የትኛው መቼ ወጥቶ መቼ ይወርዳል?

ቀድሞ የሚመጣው ማዮግሎቢን የሚባለው የጡንቻ ፕሮቲን ነው። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ውስጥ ይነሳል፣ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ጫፍ ይደርሳል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠፋል። ይፈጥናል፤ ነገር ግን ከእግርና ከክንድ ጡንቻም ስለሚወጣ ብቻውን አይታመንም።

ሲኬ-ኤምቢ፣ በብዛት ከልብ ጡንቻ የሚወጣው ኢንዛይም፣ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ይነሳል፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ጫፍ ይደርሳል፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ትሮፖኒን አይ አነሳሱ ተመሳሳይ ሆኖ ጫፉ 24 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከ5 እስከ 10 ቀን ይታያል። ትሮፖኒን ቲ ከዚያም ይረዝማል፣ ከ10 እስከ 14 ቀን።

ኤስጂኦቲ፣ አሁን ኤኤስቲ የሚባለው ኢንዛይም፣ ለልብ የዋለው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያው እሱ ነበር። ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይነሳና ከ3 እስከ 4 ቀን ይወርዳል። ኤልዲኤች የሚባለው ሌላ ኢንዛይም ዘግይቶ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይነሳል፣ ጫፉ ከ2 እስከ 3 ቀን ነው፣ እስከ 14 ቀን ሊቆይ ይችላል። ሁለቱም ከጉበትም ስለሚወጡ ዛሬ ለልብ ብሎ እነሱን ማዘዝ ብር ማባከን ነው። ትሮፖኒን የሚሠራ ቦታ ካለ ገንዘባችሁን ለትሮፖኒን አውሉት፤ ሲኬ-ኤምቢ የሚጠቅምበት አንድ ሁኔታ ከታች ይመጣል።

ሐኪሙ «ስንት ሰዓት ጀመረው?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል። ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ እኛ አገር ደግሞ ልዩ ወጥመድ አለው። ቤተሰቡ በእኛ ሰዓት ይናገራል፣ ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ያትማል፣ በመካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ነው። ትሮፖኒን ከምንም ተነስቶ ግልጽ እስኪሆን የሚፈጅበትም ጊዜ ይህንኑ ያህል ነው።

እናትየው «ጠዋት 2 ሰዓት ጀመረኝ» አሉ። ካርዱ ላይ «2:00» ተብሎ ተጻፈ። የላብራቶሪው ወረቀት ደሙ በ09:30 መቀዳቱን ያሳያል። ሪፈር የተቀበለው ሐኪም እንዳለ ካነበበው 7 ሰዓት ተኩል አልፏል፣ ስለዚህ ኔጌቲቩ የሚታመን ይመስለዋል። እውነታው ግን 1 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ ምርመራው መደገም ነበረበት።

ሌሊት ሲሆን ቀኑም ይዛባል። እኛ «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» የምንለውን ማሽኑ ረቡዕ 02:00 ይለዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ የተዛባ ማሽንም ያጋጥማል። ስለዚህ ስትጽፉ «ጠዋት 2 ሰዓት በኢትዮጵያ፣ 8:00 በፈረንጅ» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ፤ ደሙ ሲቀዳም በእጃችሁ ሰዓት አይታችሁ ወረቀቱ ላይ አስፍሩ። ሕመሙ እየመጣ እየሄደ ከነበረ የመጨረሻው ጠንካራ ሕመም የጀመረበትን ለዩ። ተኝቶ ሕመሙ የቀሰቀሰው ሰው ከሆነ ደግሞ ደኅና ሆኖ የታየበትን የመጨረሻ ሰዓት ንገሩ።

ክሊኒኩ 0.9 አለ፣ ሆስፒታሉ 900 አለ። በ3 ሰዓት ሺህ እጥፍ ጨመረ?

ምናልባት ምንም አልጨመረም። አንዱ በናኖግራም በሚሊሊትር፣ ሌላው በናኖግራም በሊትር ጽፎ ይሆናል፤ 0.9 በመጀመሪያው ማለት 900 በሁለተኛው ነው። ከቁጥሩ ጎን ያለውን መለኪያ ሳታዩ አትደንግጡ።

ይሁንና መለኪያው አንድ ቢሆን እንኳ የሁለት ላብራቶሪ ቁጥር አይነጻጸርም። አንዱ ትሮፖኒን አይ፣ ሌላው ትሮፖኒን ቲ ሊሠራ ይችላል። ሁለቱም ትሮፖኒን አይ ቢሠሩም የአምራቾቹ መሣሪያዎች የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ፣ ወሰናቸውም ይለያያል። የሴትና የወንድ ወሰንም አንድ አይደለም፤ በአቦት ኩባንያ ከፍተኛ ጥራት ባለው ትሮፖኒን አይ ለሴት 16፣ ለወንድ 34 ናኖግራም በሊትር ነው። ለንጽጽር የሚሆነው በአንድ ማሽን የተሠራ ተከታታይ ውጤት ብቻ ነው። «የኛን ወረቀት ተዉት፣ እዚያ እንደ አዲስ ይሠሩታል» የሚላችሁን ግን አትስሙ፤ የመጀመሪያው ወረቀት ቁጥሩ ባይነጻጸር እንኳ በዚያ ሰዓት ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ መሆኑን ይመሰክራል።

ተከታታይ ውጤት እንዴት ይነበባል?

የሚፈለገው መነሳት ወይም መውረድ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው አራተኛው ዓለም አቀፍ የሀርት አታክ ትርጓሜ ቢያንስ አንዱ ቁጥር ከወሰኑ በላይ ሆኖ ለውጥ እንዲያሳይ፣ በዚያ ላይ የሕመም ምልክት፣ የኢሲጂ ለውጥ ወይም ሌላ ልብ ደም ማጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲኖር ይጠይቃል። መነሻው ከወሰኑ በላይ ከነበረ 20 ከመቶ ለውጥ ትርጉም አለው፤ ወሰኑ አካባቢ ከነበረ ግን ከ50 ከመቶ በላይ ይፈለጋል።

ለምሳሌ ያህል፣ በናኖግራም በሊትር፦ 12፣ ከዚያ 340፣ ከዚያ 6,800፣ በሦስተኛው ቀን 2,900 ከሆነ ግልጽ ሀርት አታክ ነው። 2,900፣ 2,500፣ 1,900 እያለ የሚወርድ ከሆነ ጉዳቱ የደረሰው ሕመምተኛው ከመምጣቱ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ቀን ቀደም ብሎ ነው። 48፣ 51፣ 47 እያለ የሚቆም ከሆነ ደግሞ የቆየ ችግር ነው፦ ኩላሊት፣ የልብ ድካም፣ የቆየ የልብ ጡንቻ ጉዳት። ሦስተኛው ሕመምተኛ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ የዛሬው የደረት ሕመሙ ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

የሚያሟሟው መድኃኒት ከተሰጠው በኋላ ትሮፖኒኑ ጭራሽ ተተኮሰ። መድኃኒቱ ጎዳው?

አይ። የተዘጋው ሥር ሲከፈት ደሙ ተመልሶ ይገባና በሞቱት ሴሎች ውስጥ የተጠራቀመውን አጥቦ ያወጣዋል። ስለዚህ ጫፉ ከፍ ይላል፣ ቀድሞም ይመጣል፤ የሲኬ-ኤምቢ ጫፍ ከ24 ሰዓት አካባቢ ወደ 12 ሰዓት አካባቢ ይሳባል። ከዚያ በፍጥነት ይወርዳል። ሥሩ መከፈቱን የሚያሳዩት ሕመሙ መልቀቁና ኢሲጂው ላይ ከፍ ብሎ የነበረው መስመር ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ በግማሽ መውረዱ ነው። ያ ካልሆነ ያለ ተጨማሪ የደም ምርመራ ወዲያው በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) የልብ ሥር ወደሚከፈትበት ሆስፒታል መላክ ያስፈልጋል።

በአራተኛው ቀን ሕመሙ ተመለሰ፤ ትሮፖኒኑ ከመጀመሪያውም ገና አልወረደም። አዲስ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ወዲያው ደም ይቀዳል፣ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ በዚያው ማሽን ይደገማል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 20 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ አዲስ ጉዳት ነው። ሲኬ-ኤምቢ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ እስከ ሦስተኛው ቀን ወርዶ ስለሚያልቅ በአራተኛው ቀን እንደገና ከተነሳ ይለያል።

ብርድ ነው ብለን ቤት 6 ቀን ቆየን። አሁን መመርመር ይጠቅማል?

ይጠቅማል። ሲኬ-ኤምቢው ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል፤ በእሱ ብቻ «ነጻ ነህ» የሚላችሁን አትቀበሉ። ትሮፖኒን በ6ኛው ቀን አብዛኛውን ጊዜ ገና ይታያል። ኢሲጂና የልብ አልትራሳውንድም የቀረውን ይናገራሉ።

ለደረቱ ውጋት ዳይክሎፌናክ መርፌ ተወግቶ ነበር። ውጤቱን ያበላሻል?

ትሮፖኒንን አያበላሽም። ጡንቻ ላይ የተወጋ መርፌ ሁሉ ግን ጠቅላላውን ሲኬ (ከጡንቻ ሁሉ የሚወጣውን ኢንዛይም)፣ ማዮግሎቢንንም ጭምር ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ መርፌውን የተወጋበትን ሰዓት ተናገሩ። ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው፦ ዳይክሎፌናክ ሀርት አታክ ለተጠረጠረበት ሰው የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም፤ ሕመሙን አደብዝዞ ያዘገያል፣ በራሱም የልብን አደጋ ይጨምራል።

ሱሉልታ ወይም እንጦጦ ረጅም ሩጫ የሮጠ ሰው ትሮፖኒኑ ከፍ ሊል ይችላል?

ይችላል። ከረጅም ሩጫ በኋላ ትንሽ ከፍ ብሎ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ይወርዳል። ደረቱን ካመመው ግን ሯጭ ነው ተብሎ አይታለፍም።

ሀርት አታክ ሳይሆን ትሮፖኒን የሚጨምረው መቼ ነው?

የልብ ጡንቻ ብግነት፣ የሳንባ የደም ሥር በረጋ ደም መዘጋት፣ ከባድ ኢንፌክሽን፣ በጣም የፈጠነ የልብ ምት፣ የልብ ድካም፣ የኩላሊት ድክመት። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ያለ ሰው ሁልጊዜም ከፍ ያለ ቁጥር ሊኖረው ስለሚችል ደኅና በሆነበት ጊዜ የተሠራ ወረቀት ካለው በካርዱ ውስጥ ይያዝ።

ክሊኒካችን ያለው ፈጣኑ ካሴት ብቻ ነው። ምን ይጠንቀቅ?

ካሴቱ ደም ጠብ ተደርጎበት በመስመር ውጤት የሚያሳየው ትንሽ የትሮፖኒን መመርመሪያ ነው። በመጀመሪያ የካሴቱ ወሰን ይታወቅ። ብዙዎቹ መስመር የሚያወጡት ከ0.5 ናኖግራም በሚሊሊትር በላይ ሲሆን ነው፤ ይህም 500 ናኖግራም በሊትር ማለት ነው። ከፍተኛ ጥራት ያለው መለኪያ ከ10 እጥፍ በላይ ባነሰ ቁጥር ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ፖዘቲቭ ካሴት ለሪፈር በቂ ምክንያት ነው፤ ኔጌቲቭ ካሴት ግን ለመሸኘት በቂ ምክንያት አይደለም።

አሠራሩ ላይ የሚበላሹት የሚታወቁ ናቸው። አብዛኛው ካሴት ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ በታች ያለ መደርደሪያ ከዚያ ያልፋል። ፍሪጅ የነበረ ከሆነ ከረጢቱ ሳይከፈት የክፍሉን ሙቀት ይያዝ። የጠብታው ቁጥር እንደ አምራቹ ነው። የሚነበበው በተባለው ደቂቃ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15፤ ተረስቶ ከ20 ደቂቃ በኋላ የታየ መስመር አይቆጠርም። በሰዓቱ የወጣ የደበዘዘ መስመር ፖዘቲቭ ነው። የቁጥጥር መስመሩ ካልወጣ ካሴቱ ይጣላል፣ በሌላ ይደገማል።

ናሙናው በሞተር ወደ ሌላ ላብራቶሪ የሚላክ ከሆነ መጀመሪያ የደሙ ፈሳሽ (ሴረም) ከሴሎቹ ይለይ። ቀይ ክዳን ባለው ቱቦ የተቀዳ ደም 30 ደቂቃ ያህል ይርጋ፣ ከዚያ ሴንትሪፉጅ ይደረግ (በማሽን በፍጥነት ይሽከርከር)፤ ሳይረጋ ከተቸኮለ የሚቀሩት ቀጫጭን ክሮች በማሽን ላይ የውሸት ፖዘቲቭ ያመጣሉ። በቀጭን መርፌ በጉልበት የተሳበ ወይም የተናጠ ደም ቀይ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፤ ኤልዲኤችና ኤስጂኦቲ በውሸት ይጨምራሉ፣ ትሮፖኒንም እንደ መሣሪያው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይዛባል። ሴረሙ ቀይ ሆኖ ከታየ እንደገና ይቀዳ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰድ ብዙ ሚሊግራም ባዮቲን የሚባል ቫይታሚንም አንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ውጤቱን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል ይጠየቅ።

ጾመን ነው የምንቀርበው?

ለትሮፖኒን ጾም አያስፈልግም። ኮሌስትሮል ግን በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ቢቀዳ ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት በውሸት ዝቅ ብሎ ይታያል።

ጫፉ ትልቅ ከሆነ ልቡ ብዙ ተጎድቷል?

በጥቅሉ አዎ። ነገር ግን ጫፉ እንደ ደሙ መቀዳት ሰዓትና እንደ ሥሩ መከፈት ስለሚለዋወጥ፣ ከጫፉ ይልቅ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን የተለካ ትሮፖኒን ቲ ከጉዳቱ ስፋት ጋር ይቀራረባል። የልብ የመርጨት አቅም የሚታወቀው ግን በአልትራሳውንድ ነው።

ከሆስፒታል ወጥተናል። ትሮፖኒኑ ዜሮ መግባቱን ለማየት በየሳምንቱ እናሠራ?

አያስፈልግም። በጥሩ መለኪያ ጤነኛ ሰውም ዜሮ አይወጣለትም። ገንዘቡ ለልብ አልትራሳውንድ፣ ለደም ግፊትና ለስኳር ክትትል ይዋል፤ ኮሌስትሮል የሚቀንሰው የስታቲን ክኒን መሥራቱን ለማወቅም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ኤልዲኤል (መጥፎው ኮሌስትሮል) ይለካ። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ግቡን ከ55 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ያደርገዋል። ትሮፖኒን እንደገና የሚሠራው ሕመሙ ከተመለሰ ነው፤ ያኔ በዚያው ቀን፣ ከመጨረሻው ኢሲጂና ከድሮዎቹ ወረቀቶች ጋር።